የሚጠይቅ ሐኪም ፍለጋ

አዲስ አበባ ውስጥ በሐምሌ ወር የታክሲ መስኮት ከፍቶ በሰላም የወረደ ሰው ካለ ላገኘው እፈልጋለሁ። እኔ ዓምና ሞክሬዋለሁ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ ውጭ ዝናቡ አስፋልቱን ይገርፈዋል፤ ተሳፋሪው እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኗል። እኔ የአንገት ልብሴን ፈታሁ፣ የሹራቤን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ከፈትኩ፣ ከዚያ መስኮቱን በሁለት እጄ ወደ ኋላ ገፋሁት።

«ኧረ ዝጊው! በናትሽ!» አለች ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት።

«ንፋስ ሊመታን ነው!» አለ ሌላው።

አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ነበሩ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ሞቆኝ ነው አባባ።»

አዛውንቱ መስኮቱን አዩ፤ ዝናቡን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ አማተቡና ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። በሚኒባስ ወንበር ላይ ከሰው መራቅ የሚቻል መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በነገራችን ላይ የመስኮት ጠብ ለእኔ አዲስ አይደለም። ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት «ንፋስ ሰው አይመታም» የሚል ረጅም መጣጥፍ ጽፌ፣ ከአንባቢዎች የተላከልኝን ስድብ በፋይል አስቀምጫለሁ። ያኔ መስኮት የምከፍተው በመርህ ነበር። አሁን መርህ የለኝም፤ ያለኝ ላብ ብቻ ነው።

ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የወር አበባዬ ከተሰናበተኝ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ሲሄድ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ደስ ባለው ቀን ከተፍ እያለ፣ ስንት ሠርግና ስንት ጉዞ ሲያበላሽብኝ የኖረ እንግዳ ነው። ደህና ሁን ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ለካ የወጣው ምድጃውን ሳያጠፋ ነው።

ሙቀቱ ከደረቴ ይነሳል፤ አንገቴን ይይዛል፤ ጆሮዬ ላይ ሲደርስ ፊቴ እንደ በርበሬ ይቀላል። ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው። ከዚያ ላቡ ይበርድና ያንቀጠቅጠኛል። ሌሊቱንም እንዲሁ ብርድ ልብስ ስገፍና ስስብ አነጋዋለሁ። ይህንንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የቃላቱን መጥፋት ነው። እኔ የምኖረው በቃል ነው። አንድ ሰው አናጢ ሆኖ መዶሻው በየቀኑ ቢሰወርበት ምን ይሆናል? አንድ ቀን «መጋረጃ» የሚለውን ቃል ግማሽ ሰዓት ፈልጌ አጣሁትና «የመስኮቱ ቀሚስ» ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጁ ደወለልኝ። «ግሩም ዘይቤ ነው፤ ዕድሜ ብዕርሽን እያበሰለው ነው» አለኝ። እውነት ነው፤ እየበሰልኩ ነበር። ከደረቴ ጀምሮ።

ስለዚህ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ እንቅልፌንና ቃላቴን የሚመልስልኝ ሐኪም። የሆርሞን ሕክምና የሚባል ነገር መኖሩን አንብቤያለሁ። ማንበብ የማልወደው ነገር የለም። ያላነበብኩት፣ በዚህ ከተማ ውስጥ ነገሩን በቅጡ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ነው።

ድሮ ቢሆን አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃኝ ነበር። ከድሮው ቤታችን ዝቅ ብሎ፣ የፒያሳ ቁልቁለት በሚጀምርበት ጥግ ላይ አንድ መድኃኒት ቤት ነበረ። መሳቢያዎቹ እስከ ጣሪያ ይደርሳሉ፤ የላይኛዎቹን ለመክፈት መሰላል ያስፈልጋል። ባለቤቱ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ታንሾካሹካለች፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው ያንሾካሹካሉ። እኔ የናሱን ሚዛን በጣቴ እየነካሁ ጆሮዬን አቆማለሁ፤ አንድም ቃል አይገባኝም። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ጉድ ያውቁ ነበር፤ ከእሳቸው አፍ የወጣ ወሬ ግን ሰምተን አናውቅም። ዛሬ ያ ጥግ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ሣር ተተክሎበታል፤ የመብራት ምሰሶዎች ተደርድረውበታል። ሣሩ ያምራል። ምሰሶዎቹም ያበራሉ። ጎንበስ ብሎ የሚያንሾካሹክለት ሰው ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

የሰፈሩም ሰው ተበትኗል። እኔ የደረሰኝ ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ዕጣ የሚሉት ነገር ቀልደኛ ነውና፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የድሮ ጎረቤታችንን እትዬ ወርቅነሽን አስቀምጦልኛል። እትዬ ወርቅነሽ ከሰማንያ አልፈዋል፤ የእናቴ የልብ ጓደኛ ነበሩ። እኔ ግን ደረጃ ላይ ሳገኛቸው ሰላም ብዬ በፍጥነት የማልፍ ሰው ነበርኩ። የተማርኩ ነኛ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ያለው ሐኪም ጎበዝ፣ ጽዱ፣ ለጋ ወጣት ነው።

«ማዘር፣ ምን ያምዎታል?» አለኝ።

ማዘር! ልጅ ወልጄ ቢሆን በእሱ ዕድሜ ሊሆን ይችል እንደነበር አስቤ ልጽናና ሞከርኩ። በትክክል ሳሰላው የባሰ ሞቀኝ።

«ይሞቀኛል።»

«ትኩሳት አለዎት ማለት ነው።»

«ትኩሳት አይደለም። ይመጣል፤ ይሄዳል።»

«ብርድ ብርድስ ይልዎታል?»

«ላቡ ሲደርቅ።»

«እንቅልፍ?»

«የለም።»

እስክሪብቶውን ሲያነሳ የሚጽፈውን አወቅሁት። በዚህ ከተማ ኖሮ ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ያልተባለ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ መሆን አለበት። ደሜን ሰጠሁ። «ሁለቱም አለብዎት ማዘር» ተባልኩ። አሥር ቀን ሙሉ መድኃኒት ዋጥኩ። በአሥረኛው ቀን የሚሞቃት፣ እንቅልፍ የሌላትና ጨጓራዋ የተላጠ ሴት ሆንኩ።

ሁለተኛው ስመ ጥር ስፔሻሊስት ነው። አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ካርዴ ላይ ነበር።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃምሳ አንድ።»

«እንግዲህ አርጠሻላ!»

በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር እኩል ሰማ።

«ስለ ሆርሞን ሕክምና ላማክርዎት ነበር» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ሆርሞን? ካንሰር ልታመጪ ነው? ተይው! እናቶቻችን ያለ ሆርሞን ነው የኖሩት።»

«ያለ ስልክም ኖረዋል» አልኩት ስልኩን እያየሁ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«ይለመዳል» አለና ካርዴን ገፋልኝ። አዲስ ጫማ ጠበበኝ ብዬ የሄድኩ ይመስል።

ከዚያ ወጥቼ ሰፈሬ ስደርስ፣ እትዬ ወርቅነሽ የፎቃችን ደረጃ ላይ ያዙኝ። ፊቴ ቀልቶ፣ ግድግዳ ተደግፌ በወረቀት እየተራገብኩ ነው።

«ምች ነው!» አሉ። «ፊትሽን አየሁት፤ ምች ነው። ነይ ግቢ።»

«ምች አይደለም እትዬ። የዕድሜ ነው።»

«ዕድሜ ምች አይዝም ያለሽ ማን ነው? ግቢ ብያለሁ!»

ዝርዝሩን አልናገርም። አንባቢ ራሱ ይሳለው፤ ሙቀት የሚያሠቃያት ሴት፣ የፈላ ውኃና ዳማከሴ ያለበት ድስት ላይ አጎንብሳ፣ በላይዋ ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ተደርቦባት። ከውስጥ እሳት፣ ከውጭ እንፋሎት። «ኧረ ልሞት ነው!» ስል፣ እሳቸው ከውጭ ሆነው «ይኸው፣ እየወጣልሽ ነው!» ይላሉ። ስወጣ ያሳዘነኝ ሙቀቱ ሳይሆን የእሳቸው ደስታ ነው። እንዲህ ደስ ያላቸውን ሰው አልተሻለኝም ማለት አልቻልኩም። «ቀለል ብሎኛል» አልኩ። በማግስቱም ሊደግሙልኝ መጡ።

ሐኪሟን ያገኘኋት ልብስ ላሰፋ ስል ነው። ከድጃ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ፒያሳ ላይ የከፈቱትን የክር፣ የቁልፍና የገበር ሱቅ ወርሳለች። ሱቁ ሲፈርስ ዕቃዋን ይዛ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጣች። ድሮ በሩ ላይ ቆማ መንገደኛውን ሁሉ ትጠራ ነበር፤ አሁን የምትጠራው ሊፍቱ ሲከፈት ነው።

«ምን ልስጥሽ?»

«ያ… ቀሚስ ላይ የሚደረገው… ጥርስ ያለው… ወደ ላይ ሲስቡት የሚገጥመው…»

«ዚፕ?»

«ዚፕ! ተባረኪ።»

ከድጃ ባንኮኒው ላይ ክርኗን አስደግፋ ትክ ብላ አየችኝ። ግንባሬን አየች፤ በታኅሣሥ ብርድ የተጠቀለለውን እጅጌዬን አየች።

«ላብሽን ጥረጊ» አለችኝ። «ስንተኛው ሐኪም ላይ ነሽ?»

«ሁለተኛው። እና አንድ ዳማከሴ።»

«ሁለት ጊዜ ታጠንሽ?»

«በምን አወቅሽ?»

«ወላሂ እኔን ሦስት ጊዜ ነው ያጠኑኝ! አማቴ በግሬደር፣ እኅቴ በባሕር ዛፍ፣ ጎረቤቴ ደግሞ በምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።» ግሬደር ማለቷ፣ ቅጠሉ ከመብዛቱ የተነሳ በመንገድ ጠራጊ መኪና የተገፋ ይመስል ነበር ለማለት ነው፤ ከድጃ ማጋነን ስትጀምር መንገድ ይዘጋል። «ስሚ፣ እኔ የሚጠይቅ ሐኪም ያገኘሁት አራተኛው ላይ ነው።»

«ምን የሚጠይቅ?»

«ጥያቄ ነዋ! ሌሎቹ እኮ ዝም ብለው ይመልሳሉ። አፍሽን ሳትከፍቺ ይመልሱልሻል። እሷ ትጠይቃለች። የባሌን ማንኮራፋት ሳይቀር ጠይቃኛለች፤ ባልሽ ያንኮራፋል ወይ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። አልቅሼ ነው የነገርኳት።»

ዶክተር ሰብለ የምትሠራው ከአራት ኪሎ ጀርባ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት መስኮቶቹን ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ሁሉም ወለል ብለው ተከፍተዋል። በየወንበሩ የእኔ እኩዮች ተቀምጠው በካርዳቸው ይራገባሉ። አንዷ ሹራቧን እያወለቀች ነው፤ ሌላዋ እየለበሰች። ማንም አላማተበም። አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ዶክተር ሰብለ ስልሳዎቹን የጀመረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ካርዴን ወደ ጎን አድርጋ ፊቴን አየች።

«ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ሳላስበው ስለ መጋረጃው ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ጻፈችው። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። የመጨረሻው መቼ ነበር? እንቅልፍሽ የሚሰበረው በስንት ሰዓት ነው? ደም ግፊት? ጉበት? ደም ረግቶብሽ ያውቃል? ከቤተሰብ የጡት ካንሰር የያዘው አለ?

«ሆርሞን ካንሰር ያመጣል ተብያለሁ» አልኩ።

«እሱን ለመወሰን ነው የምጠይቅሽ» አለች። «ለአንዷ የሚሆነው ለሌላዋ አይሆንም። ሁሉንም የሚከለክልም፣ ለሁሉም የሚያዝም ሳይጠይቅ ነው። እናትሽ አጥንታቸው ተሰብሮ ያውቃል?»

«ዳሌዋ። ከአልጋ ወርዳ ጫማዋን ስትፈልግ። ሰባ አልሞላትም ነበር።»

እስክሪብቶዋ ቆመ።

«በስንት ዓመታቸው ነው ያረጡት?»

ስለ እናቴ ብዙ ነገር አውቃለሁ። ምን ያህል ጨው እንደምትወድ፣ የማን ሰርግ ላይ ከማን ጋር እንደተኮራረፈች፣ እኔን የወለደችኝ በሠላሳ አንድ ዓመቷ እንደሆነ፤ ይህንን «ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄሽ!» እያለች ባጠፋሁ ቁጥር ትነግረኝ ነበር። የዶክተር ሰብለን ጥያቄ መልስ ግን አላውቅም።

«ጠይቂና ነይ» አለች።

«ሞታለች እኮ።»

«እኅት?»

«አልነበራትም።»

«ጎረቤት?»

«ሰፈሩ ፈርሷል።»

«ሰዎቹም አብረው ፈረሱ?» አለች መነጽሯን እያወለቀች። «ይኼ ቁጥር ያስፈልገኛል። እናትሽ ቀድመው ያረጡ ከሆነ አጥንታቸው ረጅም ዘመን ያለ ጠባቂ ኖሯል ማለት ነው። ያንቺንም በቶሎ ማየት አለብኝ፤ የማዝልሽንም ይለውጠዋል። ፈልጊ።»

ደረጃውን ስወርድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቤታችን መንገዱ ላይ ያፈጠጠ የእንጨት በረንዳ ነበረው። አንድ ክረምት እናቴ የውስጥ ቀሚሷን ብቻ ለብሳ፣ በዚያ በረንዳ ላይ በዝናቡ ፊት ትቆም ነበር። «እማዬ፣ ምን እያየሽ ነው?» ስላት «አየር» ትላለች። አየር አይታይም ብዬ እከራከራታለሁ፤ ክርክር ያኔም እወድ ነበር። ፊቷ ሲቀላ ደግሞ «እማዬ ተቆጥታለች» ብለን ከወንድሜ ጋር አልጋ ሥር እንገባለን። ስንት ጊዜ አልጋ ሥር ገባን! ሴትዮዋ ለካ አልተቆጣችም። ሞቋት ነበር። አራት ኪሎ አደባባይ ላይ ቆሜ፣ ታክሲ ጠሪው «ፒያሳ ነሽ? ፒያሳ ነሽ?» እያለ ሲጮህብኝ፣ ሦስት ታክሲ አሳለፍኩ።

ያን ዕለት ማታ ሁለተኛ ፎቅ ወርጄ የእትዬ ወርቅነሽን በር አንኳኳሁ። ቅጠል ፍለጋ የመጣሁ መስሏቸው ድስት ሊጥዱ ነበር።

«እትዬ፣ እናቴ… ያ ነገር… የቀረባት መቼ ነው?» አልኩ።

ይህን ጊዜ ቃል ጠፍቶብኝ አይደለም። ቃሉን አውቀዋለሁ። ለእናቴ ጓደኛ መናገር ነው ያቃተኝ፤ ደፋር ጸሐፊ እየተባልኩ።

እትዬ ወርቅነሽ ግን ወዲያው ገባቸው። ተቀመጡ፤ አሰቡ።

«ይኼ ብቻዬን የምመልሰው አይደለም» አሉ። «ያለነው ሆነን ነው የምንመልሰው። ጥር ሥላሴ ደርሷል፤ ከዛፉ ሥር ነይ።»

ዛፉን አውቀዋለሁ። እዚያ ከሄድኩ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሴት በወር አበባዋ ቀን ወደ ውስጥ አትገባም፤ ግቢው ውስጥ ሆና ትጸልያለች። የሰፈራችን ሴቶች ሥላሴ ሲሄዱ እንዲህ ያለ ቀን የገጠማት ከአንድ ጥድ ሥር ትቀመጥ ነበር። ከሥሩ ረጃጅም ድንጋዮች አሉ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ፣ በጥር ሥላሴ ማለዳ፣ የመጀመሪያዬ መጣብኝ። እናቴ ምንም አላለችም። እጄን ይዛ ወሰደችኝ፤ አንዱ ድንጋይ ላይ «እዚህ ተቀመጪ» አለችኝ፤ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ጥላኝ ገባች። ከማላውቃቸው ትልልቅ ሴቶች መሐል፣ በዚያ ብርድ፣ እንደ ወንጀለኛ። ከዚያ ወዲያ እዚያ ግቢ አልረገጥኩም። ስለዚህ ጉዳይ ሦስት መጣጥፍ ጽፌያለሁ፤ ሦስቱም በፍልስፍና የተሞሉ ናቸው። በአንዳቸውም ውስጥ እናቴ የለችም።

ጥር ሰባት ቀን ሄድኩ። ግቢው በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ጥዱ ከማስታውሰው ያጠረ መሰለኝ። ከሥሩ ሦስት አሮጊቶች ተቀምጠው ዳቦ ይቆርሳሉ፤ እትዬ ወርቅነሽ፣ አንድ ጊዜ የደብዳቤ ፖስታ ስለሰረቅኋቸው እስከ ዛሬ የሚያኮርፉኝ እትዬ አሰለፈች፣ እና ጆሮአቸው የከበደ አንዲት እማሆይ። ከሦስት የከተማው ዳር፣ በሦስት አውቶቡስ የመጡ ናቸው።

እትዬ አሰለፈች ገና ሲያዩኝ ደረታቸውን ያዙ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ።»

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

እትዬ ወርቅነሽ ጉዳዩን አስረዱልኝ፤ በግልጽ፣ በስሙ፣ መንገደኛ እየሰማ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አሮጊቶቹ ግን ስለ ዶሮ ዋጋ የተጠየቁ ያህል ነገሩን ተቀበሉት።

«የእኔን ጣሪያ ንፋስ የነጠቀው ዓመት ነው» አሉ እትዬ አሰለፈች።

«ምን ብለሽ!» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «እሱማ ኋላ ነው። ጣሪያሽ ሲነጠቅ እሷ ውስጥ ስትገባ ስትወጣ ነበር። የዳቦ ቤቱ ምድጃ የፈረሰ ጊዜ ነው እንጂ።»

«ምድጃው ሲፈርስ እዚህ ከእኔ ጋር ተቀምጣለች! በቀኜ! ዳቦ አጥተን ቆሎ ይዘን አልመጣንም?»

«ቆሎውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? አንቺ ቆሎ አምጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እነዚህ ሴቶች መዝገብ አይዙም፤ ዛፉ ነው መዝገባቸው። ማን በየትኛው በዓል ውጭ እንደቀረች፣ ማን መጥፋት እንደጀመረች፣ ማን አርግዛ እንደሆነ ከባሏ በፊት፣ ማን ደግሞ ለዘለቄታው እንደገባች፣ ሁሉንም ያውቃሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ክሊኒክ ስዞር፣ የተሟላው የሕክምና ማኅደር ከጥድ ሥር ተቀምጦ ዳቦ ይቆርስ ነበር። ችግሩ ማኅደሩ ቆሎ ላይ መጣላቱ ነው።

እማሆይ እስካሁን ዳቦአቸውን ያላምጡ ነበር። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ፊቴን በደንብ አዩኝ።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሉ።

እትዬ ወርቅነሽ ጆሮአቸው ላይ የእናቴን ስም ጮሁ።

«ታዲያ ምን ያጣላችኋል?» አሉ እማሆይ። «እሷ የገባችው፣ ይቺ በወጣችበት ቀን አይደል?»

ሁለቱም ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህች ድንጋይ ላይ ነው የኖረችው» አሉ እማሆይ፣ ከጎናቸው ያለውን ባዶ ድንጋይ በመዳፋቸው እየመቱ። «ቀረ ስትል ይመጣባታል። ደህና ነኝ ብላ ነጠላዋን ስታጣፋ ይመጣባታል። መሐል ላይ ቢያጋጥመኝስ ብላ ፈርታ፣ ደህና ሆናም ከዚህ አትነሳም ነበር። ዓመት ሙሉ ደርቆ ሳታይ አልገባም ብላ ማለች። ዓመቱ በዚያ ጥር ሥላሴ ሞላ። ልትገባ ስትነሳ ልጅቷን አመመኝ ስትል አገኘቻት።»

«እኔ ጥላኝ የገባች ነበር የመሰለኝ» አልኩ። ማንን እንደምከስ አላውቅም።

«ምን ጥላሽ! እጅሽን ይዛ አምጥታ በገዛ ድንጋይዋ ላይ አስቀመጠችሽ እንጂ። እኛን ዞራ ‹ቦታዬን ለልጄ ለቅቄያለሁ፤ ጠብቁልኝ› አለችን። በሩ ድረስ እያለቀሰች ነው የሄደችው።»

«ለምን አለቀሰች?»

«እኛ ምን እናውቃለን» አሉ እትዬ አሰለፈች፤ ያኮረፉበት ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ብሎ። «እኛም አልቅሰናል።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ የሚመጣበትን ጊዜ አውቆ መጣ፤ ከደረቴ ተነሳ፣ አንገቴን ያዘ። ነጠላዬን ከራሴ ላይ አወረድኩ።

«ልበሺ!» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ። «ንፋስ ይመታሻል!»

ለበስኩ።

ሠላሳ አንድ ሲደመር አሥራ ሦስት። አርባ አራት። ይህን ቁጥር ይዤ ዶክተር ሰብለ ዘንድ በማግስቱ ገባሁ።

«ዓመት ጠብቀው ነው የገቡት?» አለች ታሪኩን ስትሰማ። «እንግዲያው የመጨረሻው በአርባ ሦስት ነው። እኛም ዓመት ቆጥረን ነው አረጠች የምንለው።» ትንሽ ፈገግ አለች። «ይህን ያህል ጥሩ የቤተሰብ ታሪክ ያመጣልኝ ሰው የለም። ምንጭሽ ማን ነው?»

«ጥድ።»

አጥንቴ ታየ፤ መሳሳት ጀምሯል፣ ግን አልረፈደም ተባለ። የታዘዘልኝ የሆርሞን መድኃኒት በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም፤ ቸርችል ጎዳናን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞርኩ። የሚያንሾካሹክ ፋርማሲስት አላጋጠመኝም። አንዱማ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ «የማረጥ መድኃኒት የምትፈልገው ማን ናት?» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ!» ብዬ እኔም ጮህኩ። ሌሎች ሁለት ሴቶች ከወረፋው ወጥተው ስሙን ጻፊልን አሉኝ።

በሁለተኛው ወር እንቅልፌ መጣ። ቀስ በቀስ ቃላቱም ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ እንደተኮራረፉ። «መጋረጃ» ብዬ ስጽፍ አዘጋጁ ደውሎ፣ «ዘይቤሽ ምን ሆነ? ደረቀ እኮ» አለኝ። ታከምኩ አልኩት። እትዬ ወርቅነሽ ግን ያዳኑኝ እሳቸው እንደሆኑ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል፤ ዳማከሴው ትንሽ ዘግይቶ ነው የሠራው። አልከራከርም። በወር በወሩ በሰባት ቀን አብሬአቸው አውቶቡስ እሳፈራለሁ። «አሁንማ ግቢ እንጂ፤ ምን ያስቀምጥሻል?» ይሉኛል። አንዳንዴ እገባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ድንጋዩ ላይ መቀመጥ እመርጣለሁ።

ዘንድሮም ክረምት ገባ። ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከፊቴ ያለው መስኮት ድንገት ተከፈተና ዝናብ ያዘለ ንፋስ ፊቴን መታኝ። አዎ፣ መታኝ።

«ኧረ ዝጊው!» አልኩ ሳላስብ። «በናትሽ!»

ሴትዮዋ ዞረች። በእኔ ዕድሜ ገደማ ትሆናለች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። በአንድ እጇ የሹራቧን ቁልፍ ትፈታለች፤ በሌላው የታጠፈ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዛ ትራገባለች። ወረቀቱን ሳላየው አነበብኩት።

«ታይፎይድና ታይፈስ?» አልኳት።

«በምን አወቅሽ?»

ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ የዶክተር ሰብለን ክሊኒክ በወረቀቷ ጀርባ ላይ ጻፍኩላት። ከዚያ ጎንበስ አልኩ፤ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«እናትሽ አሉ?»

«አሉ፤ ቤት ናቸው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ዛሬ ቤት ስትገቢ እሳቸውን ጠይቂ።»

«ምን ብዬ?»

በጆሮዋ ነገርኳት። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ወደ ዝናቡ ዞረች።

መስኮቱ አራት ኪሎ እስክንደርስ እንደተከፈተ ነበር። በርዶኛል። አልተናገርኩም።